ከጉድጓድ እስከ አሣ ገንዳ፦ በቆቦ ለቤት አኳሪየም የውኃ ማጣሪያ አመራረጥና አተካከል



የዛሬው ገለጻዬ ጠባብ በሚመስል አንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። በቆቦና በአካባቢው የሚኖር ሰው፣ በቤቱም ይሁን በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ፣ በመስታወት ገንዳ አሣ ማኖር ቢፈልግ ምን ዓይነት የውኃ ማጣሪያ ይመርጣል? እንዴትስ ይተክለዋል? ብዙዎች ጥያቄውን የሚጀምሩት ከመሣሪያው ዋጋ ነው። እኔ ግን ከውኃው እጀምራለሁ፤ የውኃው ጠባይ ሳይታወቅ የሚገዛ ማጣሪያ ገንዘብም ውኃም ያባክናልና።

የቆቦ ሸለቆ በምዕራብ በኩል በባዝልት ተራሮች ይዋሰናል። እንደ ሆርማትና ጎሊና ያሉ ወንዞች ከተራራው ያወረዱት ጠጠር፣ አሸዋና ደለል ሸለቆውን ሞልቶታል። ዝናቡና ጎርፉ በዚህ ደለል ውስጥ ሰርጎ የከርሰ ምድር ውኃ ይሆናል፤ ለመስኖም ለመጠጥም ከጉድጓድ የሚሳበው ይኸው ነው። ውኃው በድንጋዩ ስብርባሪ መካከል ሲጓዝ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ባይካርቦኔት እያሟሟ ይይዛል። እነዚህ ማዕድናት የበዙበትን ውኃ «ጠንካራ ውኃ» እንለዋለን። ምልክቱን እናቶቻችን ከማንም በፊት ያውቁታል፦ ሳሙና በቀላሉ አረፋ አያወጣም፤ ውኃ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል።

ይህ ጥንካሬ ለአሣ ጠላት ነው ወይስ ወዳጅ? መልሱን ለማግኘት ገንዳው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እንመልከት። አሣ ከስንጥቡና ከኩሱ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ወገን ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌላ ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ያሸጋግሩታል። ሂደቱ አሲድ ስለሚያመነጭ በማዕድን ድሃ በሆነ ውኃ ውስጥ ፒኤች በድንገት ሊወርድ ይችላል። በጠንካራ ውኃ ውስጥ ግን ባይካርቦኔቱ አሲዱን እየተቀበለ ያመክነዋል። በዚህ በኩል የቆቦ ውኃ ወዳጅ ነው።

በሌላ በኩል ግን ፒኤችና ሙቀት ከፍ ሲሉ የአሞኒያ መርዛማነት ይጨምራል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒኤች 7 ሲሆን፣ ከጠቅላላው አሞኒያ በመርዛማ መልኩ የሚገኘው 0.6 በመቶ ያህል ነው፤ ፒኤች 8 ሲደርስ ከ5 በመቶ ይበልጣል። በተጨማሪም ሞቃት ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው፤ ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ መገኘቷ ደግሞ ያንኑ ይቀንሰዋል። ስለዚህ በቆቦ የማጣሪያው ዋና ሥራ ማዕድን ማውጣት ሳይሆን አሞኒያን ማስወገድና ውኃውን አየር ማስገባት ነው።

ይህን ይዘን መሣሪያዎቹን እንመዝን። የሸክላ ማጣሪያ ደለልንና ጀርምን ይይዛል፤ የሟሟ ማዕድንን ግን አያስቀርም። ለማጣሪያ የሚዘጋጀው ከሰል ክሎሪንንና ሽታን ያስወግዳል፤ ጥንካሬን አይነካም። ውኃን በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ የሚያሳልፈው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ማዕድኑን ያስቀራል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሊትር ንጹሕ ውኃ እንደ መሣሪያው 3 ሊትር ያህል ሊያስወግድ ይችላል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 40 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ 72 ሊትር ይይዛል። በየሳምንቱ አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 14 ሊትር ያህል፣ ቢቀየር፣ በዚህ ስሌት 42 ሊትር ይደፋል። ይህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሁለት በላይ ነው። የተደፋው ውኃ ጨው የተከማቸበት ስለሆነ፣ ትነት በሚበዛበት ቆላ ለጓሮ አትክልትም አይመከርም። ውኃ በጀሪካን ተቆጥሮ በሚገባበት ቤት ይህን ለጌጥ ማድረግ አይገባም።

የተሻለው መንገድ ለውኃው የሚስማማ አሣ መምረጥ ነው። ጋፒና ሞሊ የተባሉት ትናንሽ አሦች ጠንካራ ውኃን ይወዳሉ፤ የአገራችን ቆሮሶም ይችለዋል፤ ሲያድግ ግን ሰፊ ገንዳ ይሻል። ከአማዞን ለስላሳ ውኃ የመጡት ኒዮን ቴትራና ዲስከስ ለቆቦ አይመቹም። ጥንካሬውን መቀነስ የግድ ከሆነ የክረምት ዝናብን አጠራቅሞ ከጉድጓዱ ውኃ ጋር እኩል መቀላቀል ጥንካሬውን በግማሽ ገደማ ያወርዳል። የመጀመሪያው የጣሪያ እጣቢ ግን ይደፋ፤ ዚንክ ለአሣ መርዝ ስለሆነ ከአዲስ ቆርቆሮ የሚወርድ ውኃም አይጠራቀም።

አተካከሉ እንደሚከተለው ነው። በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ለትንሽ ገንዳ ይበቃል፤ ባክቴሪያዎቹ የሚሰፍሩት በስፖንጁ ቀዳዳዎች ውስጥ ነውና። ውኃ የሚገፋ ፓምፕ ከተመረጠ ለ72 ሊትር በሰዓት 300 ሊትር ያህል የሚያንቀሳቅሰው ይበቃል። ውኃ የሞላው ገንዳ ከ72 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ጠንካራና ዝንፍ የማይል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። የአየር ፓምፑ መብራት ሲጠፋ ውኃ በቱቦው ወደ ኋላ እንዳይስበው ከውኃው ወለል በላይ ይሰቀል። ከታች የሚነጠፈው ጠጠር ታጥቦ የሎሚ ጭማቂ ይንጠብጠብበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ ያለበት ነውና ጥንካሬ ይጨምራል።

የጉድጓድ ውኃ ኦክስጅን ሊያንሰው ስለሚችል፣ የቧንቧ ውኃም ክሎሪን ሊኖረው ስለሚችል፣ ከመጨመሩ በፊት አንድ ቀን በሰፊ ዕቃ አየር እየተነፋበት ይቆይ። በየቤቱ ለመጠጥ የሚጨመረው ውኃ አጋርም ክሎሪን ስለሆነ የታከመበት ውኃ እንዲሁ ወደ ገንዳ አይገባም። ባክቴሪያዎቹ እስኪደራጁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜ አሣ ጥቂት፣ ምግብም ቁጥብ ይሁን። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ይታጠብ፤ ክሎሪን ባለው ውኃ ከታጠበ ባክቴሪያዎቹ ያልቃሉ። መብራት ለረጅም ጊዜ ከጠፋ ምግብ ይቋረጥ፤ ውኃውም በጣሳ እየተቀዳ ከፍ ካለ ቦታ ይመለስበት።

በየሳምንቱ ከገንዳው የሚወጣው ውኃ ናይትሬት ስላለው ለጓሮ ቲማቲምና ፓፓያ ማዳበሪያ ይሆናል። በዚህ አሠራር ከጉድጓድ የተሳበው ውኃ መጀመሪያ አሣውን፣ ቀጥሎ ተክሉን ያገለግላል ማለት ነው።