ሙልሙል ወይስ ባጌት? ቡሄ በካርቲየ 7 ቢስ

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ሰሞኑን እዚህ ካርቲየ 7 ቢስ ውስጥ እናቶች ሲገናኙ የሚያነሱት ወሬ ሁለት ነው። አንዱ ያው ሙቀቱ ነው፤ ሌላው ደግሞ «ልጆቹን ሆያ ሆዬ እናስወጣቸው ወይስ ይቅርብን?» የሚለው ነው። ይቅር የሚሉትም ያለ ምክንያት አይደለም። ጎረቤቱ አብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ቤቱ ተጠጋግቷል፣ እዚህ የተወለዱት ልጆች ደግሞ ግጥሙን አያውቁትም። እኛ ይውጡ ባዮች ነን። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን በዓሉ ከየት እንደመጣ ማንሳት ያስፈልጋል።

የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ላይ አለ። ጌታ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጣ፤ በዚያም ብርሃነ መለኮቱን ገለጠ፤ ሙሴና ኤልያስም ታዩ። ወንጌሉ የተራራውን ስም አይጠራም፤ ታቦር ነው የሚለው ከጥንት የመጣ ትውፊት ነው። ከዘጠኙ የጌታ ዐበይት በዓላት አንዱ ሆኖ የሚከበረውም ለዚህ ነው።

ሕዝቡ የሚወደው ግን ቀጥሎ የሚተረከውን ነው። በተራራው አካባቢ ከብት የሚጠብቁ እረኞች ነበሩ ይባላል። ብርሃኑን አይተው ገና ቀን መስሏቸው እዚያው አመሹ። ወላጆቻቸው ልጆቹ ሲቀሩባቸው ጊዜ ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ይሄ ወንጌል ላይ አይገኝም፤ አባቶች ሲተርኩት የኖረ ነው። ችቦውም ሙልሙሉም የመጣው ግን ከዚሁ ነው፤ ልጁ የጠፋበት ወላጅ ከያዘው። ለስደተኛ ሰው ይሄ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ስለ ስሙ ሁለት ዓይነት አባባል አለ። አንዳንዱ ቡሄ ማለት ብራ፣ ገላጣ ማለት ነው ይላል፤ ሰማዩ ከክረምት ደመና መገለጥ የሚጀምርበት ጊዜ ስለሆነ። ሌላው ከቡሖ ጋር ያያይዘዋል፤ በዋዜማው በየቤቱ ሊጥ ይቦካልና። እኛ ለሁለተኛው እናደላለን፣ ምክንያቱም ብራውን እዚህ የት እናገኘዋለን? «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለውን ተረት ጅቡቲ ለተወለደ ልጅ ብትነግሩት «ክረምት ምንድነው?» ነው የሚላችሁ። ነሐሴ ለእሱ አቧራና ሙቅ ነፋስ ነው። ሊጡ ግን እዚህም ይቦካል፤ እንደውም በዚህ ሙቀት ቶሎ ነው ኩፍ የሚለው። ሙቀቱ ለአንድ ነገር እንኳ ጠቀመን!

አገር ቤት ሰሞኑን እረኛው ጅራፍ ይገምዳል። ሊቃውንቱ የጅራፉን ጩኸት ከደመናው የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይሉታል፤ እረኛው ግን ማዶ ካለው እረኛ ጋር ይፎካከርበታል። የቆሎ ተማሪዎች «ስለ ደብረ ታቦር» እያሉ እህልና ጌሾ ለምነው ጠላ ይጠምቃሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ያበላቸውን ሕዝብ በተራቸው ይጋብዛሉ። የክርስትና አባት ለልጁ ሙልሙል ይልካል። ወንዶቹ ልጆች ደግሞ ዱላቸውን መሬት እየመቱ በየደጁ ይዞራሉ፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ አባወራውን ያወድሳሉ፣ ሙልሙሉን ይቀበላሉ፣ መርቀው ይሄዳሉ። በዓሉ ፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ዶሮ የለ፣ ቅቤ የለ። ወጪው ዳቦ ነው። ከበዓሎቻችን ሁሉ ኪስ የማይጎዳው ይሄ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ባሕር ማዶ የተሻገሩ ዘመዶቻችን በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ማታ የፈረንጅ ልጆች ጭምብል አጥልቀው በር እያንኳኩ ከረሜላ እንደሚሰበስቡ ያወሩልናል። ሃሎዊን ይባላል። ብዙ ሰው የአሜሪካ በዓል ይመስለዋል፤ መነሻው ግን አየርላንድና አካባቢዋ ነው። ሳምሄን የሚባል፣ መኸር አልቆ ብርዱ ሲገባ እሳት እየተነደደ የሚከበር የጥንት በዓል ነበራቸው። ከ1845 እስከ 1852 በፈረንጅ አቆጣጠር የድንች በሽታ አየርላንድን አስርቦ ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደግሞ ተሰደደ። አብዛኛው አሜሪካ ገባ። እነዚያ ስደተኞች በዓሉን ይዘውት ሄዱ። አገራቸው ሳሉ ተርኒፕ የሚባል ሥራ ሥር ፈልፍለው ፋኖስ ያደርጉ ነበር፤ አሜሪካ ዱባ ሞልቶ አገኙ፣ ዱባውን ፈለፈሉት። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ዱባውን ነው።

አንድ ነገር ግን ጠፋ። በጥንቱ ልማድ ልጁ ግጥም ወይም ዘፈን አሰምቶ ነበር ለውዝና ፖም የሚሰጠው። አሜሪካ ውስጥ ዘፈኑ ቀረና ከረሜላው ብቻ ተረፈ። እኛን የሚያሰጋን እሱ ነው። አምና ደጃችን የመጡት ልጆች ሁለት ስንኝ ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሳንቲሙ ሲሰጣቸው ሳይመርቁ ሮጡ። ልጆቹን አንወቅስም፣ ማን አስተማራቸውና?

ስለዚህ ሙልሙል ጋገሩ ብለን ማንንም አናስጨንቅም። ምጣድ ያለው ይጋግር፤ የሌለው ባጌት ለሁለት ለሦስት ቆርጦ ይስጥ፤ ፍራንክም ይሆናል። ዱባውን ያየ ሰው በባጌት አይጣላም። ችቦ ግን ጣውላና ቆርቆሮ ቤት በተጠጋጋበት ሰፈር አይሞከርም። ጅራፍም ይቅር፤ ከመካከላችን ተኩስ ሸሽቶ የመጣ ሰው አለ፣ ሌሊት እንዲህ ያለ ድምፅ መስማት የለበትም። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቀድሞ መንገር ጥሩ ነው። ልጅ አምሮበት ደጅ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ከዒድ ያውቁታል፤ የኛም ልጆች በዒድ ደጃቸው ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም።

ግጥሙን እስከ ምርቃቱ የምታውቁ ጋሼዎችና እትዬዎች፣ ከነሐሴ 12 በፊት ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ልጆቹን ሰብስባችሁ አለማምዱልን። ማን እንደሚያወርድ ልጆቹ ራሳቸው ይመርጣሉ። ዱላ ከየት ይመጣል ላላችሁን፣ የመጥረጊያ እንጀታ ይበቃል።