የዕቃ ዕቃ ጨዋታና የቤተ ሰብ ማዕድ በቀወት

በቀወት ወረዳ፥ በሸዋ ሮቢትና በዙሪያው ባለው የይፋት ቆላ፥ ሕፃናት በየደጁ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ እናያለን። ገሉ ምጣድ፥ ጭቃው ሊጥ፥ ቅጠሉ ወጥ፥ አሸዋውም የማሽላ ዱቄት ይሆናል። አንዷ እናት ትሆናለች፤ አንዱ እንግዳ ሆኖ ሲገባ «ኖር» ይባላል፤ እጁን ታስታጥበዋለች፤ ታጎርሰዋለች።

ይህ ሁሉ ከቤቱ ማዕድ የተቀዳ ነው። ይሁን እንጂ በቀድሞው ልማድ ታላላቆች ሲበሉ ልጅ መብራት ወይም ውሃ ይዞ ቆሞ ይጠብቅ ነበር እንጂ ከመሶቡ አይቀርብም። ስለዚህ በጨዋታው ጋባዥ የነበረው፥ በእውነተኛው ማዕድ ተመልካች ይሆናል። ልማዱ ትዕግሥትንና አክብሮትን ያስተምራል፤ ነገር ግን የትንሽ ልጅ ሆድ ጥቂት ብቻ ስለሚይዝ ቶሎ ቶሎ መብላት ያስፈልገዋል። ሲጠብቅ እንቅልፍ ከወሰደው ጦሙን ያድራል።

የሶቪየት ኅብረቱ የሥነ ልቡና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፥ ልጅ በጨዋታ ጊዜ ከዘወትር ጠባዩ በላይ ሆኖ ይገኛል። ይኸውም አልታዘዝ ያለው ልጅ «አባት» በሆነ ጊዜ የማዕዱን ሥርዓት ራሱ ይጠብቃል ማለት ነው።

ስለ ሆነም ጨዋታውን ከደጅ ወደ መሶቡ ማቅረብ ይገባል እንላለን። ልጁ እጁን ታጥቦ፥ ከእሳቱም ርቆ፥ ከሊጡ ቁራሽ ተሰጥቶት የራሱን ትንሽ ቂጣ ይጠፍጥፍ፤ እናቱ ትጋግርለት። እንግዶቹን ቆጥሮ ኩባያ ያቅርብ። አልበላም ያለውን በግድ ከማጉረስ ይልቅ፥ አስቀድሞ እርሱ አያቱን ያጉርስ፤ እርሷም በተራዋ ታጉርሰው። እንዲህ ሲሆን የአክብሮቱ ልማድ አይፈርስም፤ ልጁም ጦሙን አያድርም።