ስንጥቁ ታይቶ ነበር

ሚያዝያ 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ከባንግላዴሽ ዋና ከተማ ከዳካ ወጣ ብላ በምትገኘው ሳቫር፣ ራና ፕላዛ በሚባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ምሰሶዎች ላይ ስንጥቅ ታየ። ሠራተኞቹ ተደናግጠው ወጡ። የቴሌቪዥን ጣቢያ መጥቶ ስንጥቁን ቀረጸ። የተጠራው መሐንዲስ ሕንፃው አደገኛ ነው፣ ሰው አይግባበት አለ። እዚያው የነበረ የባንክ ቅርንጫፍ ሠራተኞቹን ወደ ቤታቸው ሰደደ፤ በማግስቱም አልከፈተም። ከላይ የነበሩት አምስት የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ግን ጠዋት ሠራተኞቻቸውን ጠሩ። በር ላይ ቆመው ያመነቱ ነበሩ፤ ካልገባችሁ የወር ደመወዛችሁን እርሱት ተባሉ። ገቡ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መብራት ጠፋ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ የነበሩት ጄኔሬተሮች ተነሡ፣ ሕንፃውም ተደረመሰ። 1,134 ሰው ሞተ፤ 2,500 ያህል ቆሰለ።

ብዙዎች ይህን የቁጥጥር ማጣት ውጤት ይሉታል። እኔ የምስማማው በከፊል ነው። ሕንፃው ለሱቅና ለቢሮ የታሰበ ነበር፤ የላይኞቹ ፎቆች ያለ ፈቃድ የተጨመሩ ናቸው፤ የሺዎችን ሠራተኞችና የከባድ ማሽኖችን ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም። ይህን በጊዜው ያስቆመ መሥሪያ ቤት አለመኖሩ ሌላ ስም የሌለው የቁጥጥር ጥፋት ነው። በመጨረሻዋ ቀን ግን የሚያይ ዐይን አልጠፋም። ስንጥቁ ታይቷል፣ በካሜራ ተቀርጿል፣ ባለሙያ አስጠንቅቋል። የጠፋው ‹‹ሥራው ይቁም›› ብሎ በእርግጥ ማስቆም የሚችል ባለሥልጣንና፣ ‹‹አልገባም›› ስላለች ደመወዟ የማይቀርባት ሠራተኛ ናቸው። የሥራ ቦታ ደህንነት ቁጥጥር ይሻሻል በተባለ ቁጥር ተቆጣጣሪ ይጨመር፣ ተሽከርካሪ ይመደብ፣ የፍተሻው ቅጽ ይታደስ ሲባል እንሰማለን። ሁሉም ያስፈልጋል። ነገር ግን እነዚህ ሁለቱ እስካልተሟሉ ድረስ የተቆጣጣሪው ብዛት የሚጨምረው የዶሴውን ብዛት ነው ብዬ አምናለሁ።

ያ 2005 ዓ.ም. ለደቡብ እስያ የልብስ ሠራተኞች የመከራ ዓመት ነበር። እኛ እንቁጣጣሽን በምናከብርበት በመስከረም 1 ቀን፣ ፓኪስታን ካራቺ ውስጥ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ። ኅዳር 15 ቀን ከዳካ አጠገብ አሹሊያ በሚገኘው ታዝሪን ፋሽንስ እሳት ተነሥቶ ቢያንስ 112 ሠራተኞች ሞቱ፤ የጨርቅና የክር ክምሩ ምድር ቤቱ ላይ፣ ደረጃዎቹ በሚያርፉበት ቦታ ነበር፤ ደወሉ ሲጮህም አለቆቹ ሠራተኞቹን ወደየማሽናችሁ ተመለሱ ብለው ነበር። ከዚያ ራና ፕላዛ መጣ። እዚያው ሳቫር ውስጥ ደግሞ ስፔክትረም የተባለው ፋብሪካ ፈርሶ 64 ሰው ከሞተ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚያንገበግበኝ የካራቺው ነው። አሊ ኢንተርፕራይዝስ ከመቃጠሉ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ኤስኤ 8000 የተባለውን ዓለም አቀፍ የሥራ ሁኔታ የምስክር ወረቀት አግኝቶ ነበር፤ የሰጠው ሪና የተባለ የጣሊያን ድርጅት ነው። ራና ፕላዛ ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎችም ሁለቱ የአውሮፓ ገዢዎች የሚጠቀሙበትን የቢኤስሲአይ ኦዲት ያለፉ ነበሩ። በኋላ ሲጠየቁ፣ የእኛ ኦዲት የሕንፃውን ጥንካሬ አይመለከትም የሚል መልስ ተሰጠ። መልሱ ትክክል ነው፤ ኦዲቱ የሥራ ሰዓት መዝገብ፣ የዕድሜ ማስረጃና የእሳት ማጥፊያ ቆጥሮ ይወጣል። በእንዲህ ዓይነቱ አሠራር ብዙ ጊዜ ሂሳቡን የሚከፍለው የሚፈተሸው ፋብሪካ ራሱ ነው፤ የሚፈተሽበትን ቀንም በአብዛኛው አስቀድሞ ያውቃል። ሪፖርቱ የሚሄደው ለገዢው ኩባንያ ነው። ማሽኑ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ስለምትሠራበት ፎቅ የተጻፈውን በፍጹም አታየውም።

ከራና ፕላዛ ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን፣ የተፈረመው ስምምነት የተለየ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አኮርድ በሚል ስም የታወቀው ይህ ውል በአንድ ወገን የልብስ ኩባንያዎችን፣ በሌላው ወገን ኢንዱስትሪኦልና ዩኒ የተባሉትን ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት አስፈረመ። ከ200 በላይ ኩባንያዎች ገቡበት፤ 1,600 ገደማ ፋብሪካዎችንና ሁለት ሚሊዮን ያህል ሠራተኞችን አቀፈ። እንደ በጎ ፈቃድ መግለጫ አልነበረም፤ በሕግ የሚያስገድድ፣ ክርክር ቢነሣ ወደ ግልግል ዳኝነት የሚያስኬድ ውል ነበር። ማኅበራቱ ሁለት ኩባንያዎችን ሄግ ድረስ ከሰው በ2010 ዓ.ም. ሁለቱም በስምምነት አለቁ፤ አንዱ ኩባንያ በአብዛኛው ለጥገና የሚውል 2.3 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ።

ፍተሻው ራሱ ምን ይመስል እንደነበር ማየት ይጠቅማል። መሐንዲሶቹ የሕንፃውን ፕላን ይዘው ይገባሉ፤ ብዙ ጊዜ ፕላኑና የቆመው ሕንፃ አይገናኙም። የምሰሶውን ልስን አንሥተው አርማታውን ያያሉ፣ ውስጡ ያለውን ፌሮ በመሣሪያ ይቆጥራሉ፣ ጥርጣሬ ካለ ናሙና አውጥተው ጥንካሬውን ያስፈትሻሉ። የጨርቅ ጥቅል የተደረደረበትን ፎቅ ክብደት ያሰላሉ፤ ጣራ ላይ ያለው የውኃ ታንከር ይጉደል ወይም ይውረድ የሚል ትእዛዝ ይሰጣሉ። ደጋግመው ካገኟቸው ጉድለቶች አንዱ በደረጃው አፍ ላይ የሚቆለፈው ተጣጣፊ የብረት በር ነው። ባለቤቶቹ ለሌባ ያስገጠሙት በር በእሳት ጊዜ ሰው የሚያልቅበት በር ሆኖ ነበር። በመጀመሪያው ዙር በተፈተሹ 1,106 ፋብሪካዎች ከ80 ሺህ በላይ የደህንነት ጉድለት ተመዘገበ። ይህ ቁጥር ሲወጣ ያስደነገጠው ሰው ብዙ ነው። እኔ ይበልጥ የማስበው ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በእነዚያው ፋብሪካዎች ውስጥ የተመላለሱትን ኦዲተሮች ነው።

የእያንዳንዱ ፋብሪካ ሪፖርት ከነስሙ በይፋ ወጣ። ምን እንደጎደለ፣ እስከ መቼ እንደሚስተካከል፣ የቱ እንደተጠናቀቀና የቱ እንደዘገየ ማንም ከፍቶ ማየት ይችል ነበር፤ ጋዜጠኛውም፣ ማኅበሩም፣ የጎረቤት ፋብሪካውም። ጥገናውን እምቢ ያለ ፋብሪካ ከሁሉም ፈራሚዎች ጋር ያለው ሥራ ይቋረጥበታል። ከዚህ ጋር ሁለት ነገር ተጻፈ፤ ሠራተኛ አደጋ አለው ብሎ ከሚያምንበት ሕንፃ ውስጥ አልሠራም የማለት መብት አለው፤ ፋብሪካው ለጥገና ቢዘጋም እስከ ስድስት ወር ድረስ ገቢው አይቋረጥም። ሚያዝያ 16 ጠዋት ራና ፕላዛ በር ላይ ያመነቱት ሠራተኞች የሚያስፈልጋቸው ይኸው ነበር። ስለ አኮርድ ሲወራ ስለ መሐንዲሶቹ ይወራል፤ በእኔ ፍርድ ግን የውሉ ልብ ይህች የስድስት ወር ደመወዝ ናት። ሥራ በቆመ ቁጥር የሚራበው ሠራተኛው ከሆነ፣ ሥራ እንዲቆም የማይፈልገው የመጀመሪያው ሰው እሱ ራሱ ይሆናል።

ስምምነቱ ጠላት አላጣም። የፋብሪካ ባለቤቶች የውጭ ሰው በአገራችን ተቆጣጣሪ ሆነ ብለው ተከራከሩ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2012 ዓ.ም. ሥራው ባለቤቶች፣ ኩባንያዎችና ማኅበራት ወደሚቀመጡበት የአገር ውስጥ ምክር ቤት ተዛወረ። ቅሬታው ሙሉ በሙሉ የሚናቅ አይደለም። የጥገናው ወጪ በአብዛኛው የወደቀው በባለቤቶቹ ላይ ሲሆን፣ ኩባንያዎቹ ለአንድ ሸሚዝ የሚከፍሉት ዋጋ ግን በዚያው መጠን ከፍ አላለም።

ትልቁ ቀዳዳ ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ከዳካ ወጣ ብሎ ሩፕጋንጅ በሚገኝ ሃሸም ፉድስ የተባለ የጭማቂና የምግብ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት መካከል ልጆችም ነበሩ። መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት የተባለው ሁሉ እንደገና ተባለ። ይህ ፋብሪካ ለአውሮፓ ገዢ ሸሚዝ ስለማይሰፋ አኮርድ አይመለከተውም። የመንግሥት የቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2006 ዓ.ም. ከፍ ተደርጎ እንዲደራጅ ቢደረግም፣ ለውጭ ገበያ በሚሠራው ፋብሪካና ለአገር ውስጥ በሚሠራው መካከል ሰፊ ገደል ቀረ። በአንድ አገር ውስጥ የአንዷ ልጅ ሕይወት የውጭ ገዢ ስላለ ይጠበቃል፤ የሌላዋ አይጠበቅም።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ ይህ ነገር በሩቁ የሚታይ አይደለም። ራና ፕላዛ ሳይፈርስ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ ለባንግላዴሽ የእሳት ደህንነት ስምምነት መጀመሪያ የፈረመው ኩባንያ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች ነው። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅም ከዋናዎቹ ባለሀብቶች አንዱ እሱ ነበር። ሼዶቹ ሰፊና ባለ አንድ ፎቅ፣ መውጫቸው ብዙ ሆነው መሠራታቸው ከባንግላዴሽ መከራ የተወሰደ ትምህርት አለበት ማለት ይቻላል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ግን፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ ከሆነው የአጎዋ የንግድ ዕድል እንደምታስወጣ ካስታወቀች ብዙም ሳይቆይ፣ ኩባንያው ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ገዢው ሲሄድ የገዢው ኦዲተርም ይሄዳል። የሚቀረው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የእኛ ጉዳይ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

ሕጋችን ደካማ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን የሠራተኛ መብት አድርጎ ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሙያ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ መከላከያ ቁሳቁስ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙ እንዲያስረዳ ያስገድዳል፤ ተቆጣጣሪውም በሥራ ሰዓት ያለ ማስጠንቀቂያ መግባትና የእርምት ትእዛዝ መስጠት ይችላል። በ1983 ዓ.ም. ያጸደቅነው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 አንቀጽ 13 ደግሞ ከባድና የማይቀር አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ሥራውን ትቶ የወጣ ሠራተኛ እንዳይጎዳ ጥበቃ ይሰጠዋል፤ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ይህች አንቀጽ በእጃችን ካለች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። በግንባታ ቦታ ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ ስለ እሷ ሰምቶ እንደሆነ ጠይቁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃ በሚሠራበት በር ጠዋት ቆማችሁ ተመልከቱ። ፎርማኑ ከተሰበሰቡት ወጣቶች መካከል ለዕለቱ የሚፈልጋቸውን ይመርጣል። ብዙዎቹ የተጻፈ ውል የላቸውም፤ የሚቀጥራቸውም ዋናው ተቋራጭ ሳይሆን የእሱ ንዑስ ተቋራጭ፣ አንዳንዴም የዚያ ንዑስ ተቋራጭ ነው። ሁለት ሴቶች አርማታ የሞላ ባሬላ ይዘው በባህር ዛፍ አጣና በተሠራ መወጣጫ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ይወጣሉ፤ መወጣጫው በምስማርና በሽቦ የተያያዘ ነው፤ ዳሩ ላይ መደገፊያ የለውም። ቁጥጥሩ ግን በር፣ ማህተምና የሰው ኃይል ኃላፊ ወዳለው ድርጅት ነው የሚሄደው፤ ሰነድ የሚቀርብለት እዚያ ስለሆነ። መወጣጫ ሲደረመስ ምን እንደሚያደርስ አይተናል፤ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለግንባታ የተተከለ መወጣጫ ተደርምሶ ከ30 በላይ ምእመናን ሞተዋል። የሞቱት ለበዓል የመጡ ሰዎች ናቸው እንጂ የግንባታው ሠራተኞች አይደሉም። ነገር ግን በየከተማው በዚያው ዓይነት እንጨት ላይ በየቀኑ የሚወጣው ሠራተኛ ነው፤ የምንማረርበት ሐዘን እስኪመጣ ሳይጠበቅ የመወጣጫ ፍተሻ በግንባታ ፈቃድ ውስጥ የግዴታ ምዕራፍ መሆን ነበረበት።

ከዐይን የሚሰወረው አደጋ ደግሞ አለ። ስምምነት ቁጥር 155ን ባጸደቅንበት በዚያው ዓመት አካባቢ የታተመ ጥናት፣ በአንድ የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥጥ እስር በሚፈታበት ክፍል ከሚሠሩት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በጥጥ ብናኝ የሚመጣውን የሳንባ በሽታ ይዘው አግኝቷል፤ ጥጥ በሚበጠርበት ክፍልም ከዚያ ብዙ የራቀ አልነበረም። ይህን በሽታ ሄልሜት በመቁጠር ማንም አይደርስበትም። የብናኝ መለኪያ፣ የሳንባ ምርመራ፣ ከዓመት ዓመት የሚነጻጸር መዝገብ ይጠይቃል። ‹‹ደህንነትና ጤንነት›› ከምንለው ውስጥ ሁለተኛው ቃል ብዙውን ጊዜ በወረቀት ላይ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የዓለም ሥራ ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ጤናማና ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስገብቷል። የእኛ ማሻሻያ ከየት ይጀምር ለሚለኝ፣ አዲስ አዋጅ ከማርቀቅ በፊት ባሉን ድንጋጌዎች ላይ ሦስት ነገር ይጨመር እላለሁ። የተቆጣጣሪው ግኝት በተጻፈ በቀናት ውስጥ ለድርጅቱ የደህንነት ኮሚቴና ለማኅበሩ ይሰጥ፣ በር ላይም ይለጠፍ። የግንባታ ባለቤትና ዋናው ተቋራጭ በንዑስ ተቋራጭ ለተቀጠረው የቀን ሠራተኛ ጭምር ተጠያቂ ይሁኑ። አደገኛ ነው ተብሎ ሥራ በቆመበት ቀን ደግሞ የዚያን ቀን ምንዳ ባለቤቱ ይክፈል፤ ባሬላ ተሸካሚዋም፣ ለሳኙም፣ አናጺውም ጠዋት ለተመረጡበት ቀን ሙሉ ሂሳባቸውን ይዘው ይሂዱ። ይህ ሦስተኛው ለባለቤቶች የሚዋጥ አይሆንም፤ ክርክሩም ረጅም እንደሚሆን አውቃለሁ። ቢሆንም በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።