ከማንሣት በፊት መጻፍ፦ ስለ ጥንታዊ ቦታዎች ጥናትና መዝገብ

ባለፈው ሰሞን አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ በመሐረብ የተጠቀለለ ድንጋይ ይዞ ወደ መምህራን ክፍል መጣ። ድንጋዩ መዳፍ ያህላል፤ አንዱ ጎኑ ስለታም ነው፤ በሌላው ጎኑ ተደጋግሞ የተመታ የሚመስል ምልክት አለበት። «መምህር፣ ይህ የጥንት ሰው መሣሪያ ነው?» ሲል ጠየቀ። «ከየት አገኘኸው?» አልነው። «ከወንዙ ማዶ።» «ከወንዙ ማዶ የቱ ጋ? ከአሸዋው ላይ ነው ወይስ ከገደሉ ውስጥ?» ልጁ አንገቱን ደፋ። ድንጋዩን ካነሣው ሁለት ወር አልፎታል፤ በመካከሉ ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ጓደኞቹም በየተራ ሲቀባበሉት ከርመዋል።

ልጁ ጥፋት አላጠፋም፤ እንዲያውም ዓይኑ የሚያስተውል ልጅ ነው። ነገር ግን ያ ድንጋይ በእርግጥ የጥንት መሣሪያ ቢሆን እንኳ አሁን ሊነግረን የሚችለው በጣም ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ምክንያቱን ለማስረዳት ነው።

አርኪዮሎጂ ወይም የከርሰ ምድር ጥናት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ወርቅና ዘውድ ከመሬት ማውጣት ነው። ሥራው ግን እንደዚያ አይደለም። ተመራማሪው የሚፈልገው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዕቃው ከምን ጋር፣ በምን ዓይነት አፈር ውስጥ፣ በምን ያህል ጥልቀት እንደነበረ ጭምር ነው። እናቶቻችን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። አንድ የቆየ መሶብ እንዴት እንደተሰፋ ለማወቅ መፍታት ግድ ቢሆን፣ ከተፈታ በኋላ በእጅ የሚቀረው የሰንደዶና የአክርማ ክምር ነው። ስፌቱን መልሶ ማወቅ የሚቻለው እየተፈታ ሳለ የየዙሩ ቀለምና ብዛት ተጽፎ ከነበረ ብቻ ነው። ቁፋሮም እንዲሁ ነው። አንድ ቦታ የሚቆፈረው አንድ ጊዜ ነው፤ ከተቆፈረ በኋላ የሚቀሩት ዕቃውና መዝገቡ ናቸው።

በወንዛችን ዳር የተቆረጠውን ገደል ልብ ብላችሁ እዩት። አንድ ወጥ አፈር አይደለም፤ ከሥር ጠጠር፣ ከላዩ አሸዋ፣ ከዚያ በላይ ጭቃ እየሆነ በንብርብር ይታያል። እያንዳንዱን ንብርብር በአንድ ወቅት ውኃ ወይም ነፋስ አምጥቶታል። አይጥ ካልቆፈረው፣ ሰው ጉድጓድ ካላወጣበት ወይም መሬቱ ካልተገለበጠ በስተቀር የታችኛው ከላይኛው ይቀድማል። በዚህ በቱርካና ምድር ደግሞ በንብርብሮቹ መካከል ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ይገኛል። በአመዱ ውስጥ ባሉ ማዕድናት የሚገኝ አንድ ዓይነት ፖታሲየም ፍጥነቱ በታወቀ ሁኔታ ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ ስለሚለወጥ፣ ያንን በቤተ ሙከራ ለክተው አመዱ የወደቀበትን ዘመን ያውቃሉ። በሁለት አመዶች መካከል የተገኘ ነገር ከታችኛው ያንሳል፣ ከላይኛው ይበልጣል። ከአሸዋ ላይ የተለቀመ ድንጋይ ግን ከየትኛው ንብርብር ወርዶ እንደመጣ ማን ያውቃል?

ስለዚህም ቁፋሮ አሰልቺ ሥራ ነው። ቦታው በገመድ በእኩል ካሬዎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ካሬ ቁጥር ይሰጠዋል። አፈሩ በትንሽ ማንኪያና በብሩሽ ይፋቃል፤ የወጣው ሁሉ በወንፊት ይነፋል። አንድ ነገር ሲታይ ወዲያው አይነሣም። በመጀመሪያ ከነቦታው ፎቶግራፍ ይነሣል፤ አጠገቡ መጠን የሚያሳይ ዘንግና ወደ ሰሜን የሚያመለክት ቀስት ይደረጋል። ከዚያ ጥልቀቱ ይለካል፣ ሥዕሉ ይነደፋል፣ ቁጥር ይጻፍበታል፣ በደብተር ይመዘገባል። መነሣቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ለዚህ ዓይነተኛው ምሳሌ ሩቅ አገር አይደለም። ከሰፈራችን በስተምሥራቅ ባለው የቱርካና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ሎሜክዊ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 በሶኒያ ሃርማንድና በጄሰን ሉዊስ የሚመራ ቡድን መንገድ ስቶ ከአንድ ኮረብታ ላይ ወጣ። እዚያ ሳሉ የቱርካና ተወላጅ የሆነው ሳሚ ሎኮሮዲ ጭምር ባደረገው ፍለጋ ሰው የፈለጣቸው የሚመስሉ ድንጋዮች ተገኙ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዓለም ላይ የታወቁት ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎች ዶክተር ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቻቸው በአፋር ጎና ያገኟቸው ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነበር። የሎሜክዊዎቹ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ሆኑ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

ነገር ግን ድንጋዮቹ ላይ ላዩን የተገኙ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህን የሚያምን አይገኝም ነበር። ቡድኑ ቆፍሮ ሌሎችን ከንብርብሩ ውስጥ አወጣ። ላይ ላዩን የተገኘ አንድ ስንጣሪም ከቁፋሮ ከወጣ ትልቅ ድንጋይ ጋር ልክ እንደ ተሰበረ ሸክላ ገጠመ። ሁለቱም ከየት እንደተነሡ ባይመዘገብ ኖሮ ይህ መግጠም ምን ይጠቅም ነበር? ከዚያ ወዲህም አንዳንድ ሊቃውንት «መሣሪያዎቹ በእርግጥ ከዚያ ንብርብር ናቸው ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም የሚፈለገው ከድንጋዮቹ መልክ ይልቅ ከመዝገቡ ነው።

በኢትዮጵያ ድንቅነሽን የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1974 በአፋር ሐዳር ተገኘች፤ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በሙዚየም መዝገብ ግን ስሟ ኤ.ኤል. 288-1 ነው። ፊደሎቹ «አፋር ሎካሊቲ» ማለት ናቸው፤ ቁጥሩም በዚያ አካባቢ 288ኛ ተብሎ የተመዘገበው ቦታ፣ ከዚያም የመጀመሪያው ግኝት ማለት ነው። ስሟ ሌላ ሳይሆን አድራሻዋ ነው እንደማለት ነው። ካሞያ ኪሜዩ የተባለው ዝነኛ ኬንያዊ እ.ኤ.አ. በ1984 በናሪዮኮቶሜ ወንዝ ዳር ባገኘው ቁራጭ የራስ ቅል ምክንያት የተቆፈረው፣ 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረው «የቱርካናው ልጅ» አጽምም በመዝገብ ቁጥሩ ውስጥ ምዕራብ ቱርካና የሚል ምልክት ይዟል።

ቦታው ራሱ ሲጠፋስ? እዚህ ላይ ወደ አክሱም እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የሚመራ የጀርመን ቡድን በአክሱም ጥቂት ወራት ተቀምጦ ሐውልቶቹን፣ የድንጋይ ጽሑፎቹንና የጥንት ቤቶችን ፍርስራሽ ለካ፤ ሣለ፤ ፎቶግራፍ አነሣ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1913 በበርሊን በአራት ጥራዝ አሳተመ። ከተለኩት ሕንፃዎች አንዱ ታዕካ ማርያም የሚባለው ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከነግቢው 120 ሜትር በ80 ሜትር ያህል ነው። ሌሎች ሰዎች ጥቂት ድንጋይ ብቻ ሊያዩ በሚችሉበት ቦታ፣ የሕንፃ ባለሙያው ዳንኤል ክሬንከር ደረጃውንና ግድግዳውን እየተከተለ ፕላኑን በወረቀት ላይ አሰፈረ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ መንገድ ሲሠራ ታዕካ ማርያም አብዛኛው ፈረሰ። ዛሬ ስለዚያ ቤተ መንግሥት የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚገልጠው የ1906ን ፕላን ነው። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት ወደ ሮም ተወሰደ፤ እርሱስ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመልሶ በ2008 በቦታው ቆሟል። ቤተ መንግሥቱን ግን ከሮምም ከሌላም ማስመለስ አይቻልም። ሐውልቱ የብዙ ሰው ቁጭት ነበር፤ ለታዕካ ማርያም ያለቀሰ ሰው አልሰማንም። እኛ ግን የከፋው ጥፋት የትኛው እንደሆነ አንጠራጠርም።

ወደ ራሳችን ሰፈር ስንመለስ፣ በመጀመሪያ ማንም ተማሪ መሬት እንዳይቆፍር እናሳስባለን። የወንዝ ገደል ይናዳል፤ በዚያ ላይ ሕግ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የኬንያ የብሔራዊ ሙዚየሞችና የቅርስ ሕግ ጥንታዊ ነገር ያገኘ ሰው ቦታውን በትክክል እንዲያመለክት ያዛል። በኢትዮጵያም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በድንገት ቅርስ ያገኘ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የድንጋይ ቁልሎችንም አትንኩ። በሐይቁ አካባቢ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ከብት አርቢዎች ሙታናቸውን የቀበሩባቸው ቁልሎች አሉ፤ የአሁኖቹ ባለአገሮች መቃብርም ሊሆን ይችላል። እኛ በሰው አገር እንግዶች ነን።

የሚያስገርም ነገር ካያችሁ እዚያው ተዉት። ደብተራችሁን አውጡና ቀኑን፣ ከየትኛው ዛፍ ወይም መንገድ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ በየትኛው አቅጣጫ፣ ከአፈር ውስጥ ይሁን ከላይ ጻፉ። መጠኑን በጣት ለኩና ሥዕሉን ሣሉ። ስልክ ያለው ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ካለ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ብዙዎቹ ስልኮች የቦታውን ልክ በቁጥር ያሳያሉ። ከዚያ ለመምህር ንገሩ።

ወላጆችን ደግሞ የምንጠይቀው ሌላ ነገር አለ። ከመካከላችሁ በአገር ቤት ከመንደሩ ጀርባ ትክል ድንጋይ፣ የፈረሰ ግንብ፣ የዋሻ ሥዕል ወይም የጥንት መቃብር የሚያውቅ አይጠፋም። በኮንሶ ሴቶች ቆዳ በድንጋይ ሲፍቁ ያየ ሰው፣ ሊቃውንት ስለ ጥንት መሣሪያ ለማወቅ አገር አቋርጠው የሚሄዱለትን ነገር በዓይኑ አይቷል። እነዚህ ሁሉ በሰዎች ልብ ውስጥ ብቻ ናቸው፤ ሰዎቹም ተበትነዋል፤ ገሚሱ እዚህ፣ ገሚሱ ናይሮቢ፣ ገሚሱ ባሕር ማዶ። እዚህ የተወለዱ ልጆች ደግሞ ቦታውን አይተውት አያውቁም። ስለዚህ ማታ ማታ ልጆቻችሁ ይጠይቋችሁ፤ ይጻፉም። የቦታው ስም በየቋንቋው፣ ከየትኛው ገበያ ወይም ወንዝ የስንት ሰዓት መንገድ እንደሆነ፣ ምን እንዳያችሁና በስንት ዓመተ ምሕረት እንዳያችሁ ይጻፍ። በዓይን የታየውና ከአባቶች የተሰማው በተለያየ ገጽ ይሁን፤ ሁለቱም ይጠቅማሉ፣ ሲደባለቁ ግን ሁለቱም ይበላሻሉ። የነጋሪው ስም እንዲጻፍ ካልተፈለገ አይጻፍ፤ «አንዲት የ60 ዓመት እናት» ማለት ይበቃል።

የልጁ ድንጋይ አሁን በትምህርት ቤታችን ሣጥን ውስጥ ነው። መለያ ወረቀቱን እርሱ ራሱ እንዲጽፍ አድርገናል። «ቦታ» በሚለው መስመር ላይ ጥቂት አሰበና «ከወንዝ ማዶ፤ በትክክል አላስታውስም» ብሎ ጻፈ። የጻፋችሁትን ደብተር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለክፍል መምህራችሁ ማስረከብ ትችላላችሁ፤ ተገልብጦ ዋናው ይመለስላችኋል።