መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ዋይፋይ

«ቤት ዋይፋዩ ይጠፋል፤ እዚህ ሳመጣው ደግሞ ምንም አይለውም» አሉ ላፕቶፑን ያመጡት መምህር። እንደ እኛ ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው እንዲህ ያለውን ብልሽት አይወደውም። የተሰነጠቀ ስክሪን በዓይን ይታያል፣ ያበጠ ባትሪ በእጅ ይዳሰሳል። ሱቅ ሲደርስ ጤነኛ የሚሆን ማሽን ግን በምን ይያዛል?

መጀመሪያ የጠረጠርነው ካርዱን ነበር። ጀርባውን ስንፈታው ትንሿ የዋይፋይ ካርድ በቦታዋ ናት፤ ጥቁሩና ነጩ የአንቴና ሽቦም ጠበቅ ብለው ተሰክተዋል። ቀጥሎ የተጠረጠረው ድራይቨሩ ነው፤ ማለትም የዊንዶውስን ትእዛዝ ካርዱ በሚገባው መንገድ የሚያደርስለት ፕሮግራም። አጥፍተን እንደገና ጫንነው፤ ሠራ። መምህሩ አመስግነው ሄዱ፣ በማግስቱ ግን ተመለሱ።

«መቼ መቼ ነው የሚጠፋው መምህር?»

«መብራት ሲሄድ ነው። ራውተሩ ነው እንዳልል የምጠቀመው የስልኬን ሆትስፖት ነው።»

በወላይታና በዳውሮ መካከል 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጊቤ 3 ግድብ ቢኖርም፣ ሶዶ ላይ መብራት መሄዱ ብርቅ አይደለም። ስልኩ ግን በራሱ ባትሪ ይሠራል፤ ሆትስፖቱም አይቋረጥም። እንግዲህ መብራት ሲሄድ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ላፕቶፑ ከቻርጀር ወደ ባትሪ ይዞራል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ የምንፈትሸው ቻርጀር ላይ ሰክተን ነበር።

ቻርጀሩን ነቅለን ጠበቅን። ጥቂት ቆይቶ የዋይፋዩ ምልክት ጠፋና በቦታው ግራጫ የሉል ምልክት መጣ። የኮምፒውተሩ መሣሪያዎች በሚዘረዘሩበት ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ በካርዱ ስም ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ተቀምጧል፤ ሲከፈት «ኮድ 10» ይላል፤ መሣሪያው ሊነሳ አልቻለም ማለት ነው። ቻርጀሩን መልሰን ብንሰካው አልተመለሰም። ዘግተን ብንከፍተውም ያው ነው። ሪስታርት ስናደርገው ግን መጣ።

ካርዱ ባትሪ ላይ ለምን ይተኛል? ዋይፋይ የሚመራበት 802.11 የተባለው ስታንዳርድ በ1997 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጀምሮ ካርዱ ኃይል ለመቆጠብ እንዲያሸልብ ይፈቅዳል። ራውተሩ ወይም ሆትስፖት የከፈተው ስልክ የመጣውን መልእክት ይዞ ያቆይለታል፤ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል በሚያሰራጨው ምልክትም የሚጠብቀው መልእክት እንዳለ ያሳውቀዋል። ዊንዶውስም ብዙውን ጊዜ ቻርጀር ላይ ካርዱን በሙሉ ኃይል ያሠራል፣ ባትሪ ላይ ደግሞ ይቆጥባል። ከዚያም አልፎ ካርዱን ጨርሶ የማጥፋት ፈቃድ አለው። ደህና ድራይቨር የተኛውን ይቀሰቅሳል። የመምህሩ ላፕቶፕ ግን ዊንዶውሱ አዲስ ሆኖ ድራይቨሩ የድሮው ነበር፤ ያስተኛል እንጂ መቀስቀስ አይችልም።

ዘግቶ መክፈቱ ያልረዳው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ቶሎ ለመነሳት ሲል የሲስተሙን እምብርትና ድራይቨሮቹን ባሉበት ሁኔታ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ የተደናገረው ድራይቨር በማግስቱም ከነመደናገሩ ይነሳል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከባዶ ይጀምራል።

መፍትሔው ከዚያ በኋላ አላስቸገረም። በካርዱ የፓወር ማኔጅመንት ገጽ ላይ ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አነሳን፤ ባትሪ ላይም በሙሉ ኃይል እንዲሠራ አደረግን። አዲሱን ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ለማውረድ ስልኩን በዩኤስቢ ኬብል አገናኝተን ቴዘሪንግ ከፈትን፤ በዚህ መንገድ ኢንተርኔቱ በኬብል ስለሚገባ የዋይፋይ ካርዱን አይፈልግም። ቻርጀሩን ነቅለን ስንሞክረው ባትሪው ሊያልቅ እስኪል ድረስ ዋይፋዩ አልተቋረጠም።

መምህሩ ዩኤስቢ ዋይፋይ ሊገዙ አስበው ነበር፤ ገንዘባቸው ተረፈ። እርስዎም ላፕቶፕዎ ዋይፋይ እምቢ ካለዎት ካርድ ከመለወጥዎ በፊት ቻርጀሩን ነቅለውም ሰክተውም ይሞክሩት፤ ከመዝጋት ይልቅ ሪስታርት ያድርጉት። ጠጋኝ ጋ ሲሄዱም «ተበላሽቷል» ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደሚጠፋ ይንገሩት።