ሮቦት ቫኪዩም ለየትኛው ቤት?

አይሮቦት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት በጣም የማይገናኙ ማሽኖችን ጎን ለጎን ይሠራ ነበር። አንደኛው ፓክቦት ነው፤ አፍጋኒስታን ውስጥ ወታደሮች ከመግባታቸው በፊት ዋሻ እየገባ ይፈትሻል። ሁለተኛው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በ200 ዶላር ገደማ ገበያ ወጣ፤ ሥራው ሶፋ ሥር ገብቶ አቧራ መልቀም ነው። ስሙ ሩምባ ይባላል። ዋሻ ፈታሹን ከሙያው ሰዎች በቀር ብዙ ሰው አያውቀውም። ሶፋ ሥር የሚገባው ግን እስከ 2004 መጨረሻ አንድ ሚሊዮን ተሸጠ።

የመጀመሪያው ግን አልነበረም። የስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ ትራይሎባይት የተባለ ሮቦት ቫኪዩም ከአንድ ዓመት በፊት ለሽያጭ አቅርቦ ነበር። ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ዕቃ እየለየ የሚዞር ጥሩ ማሽን ነው፤ ዋጋው ግን የሩምባን ብዙ እጥፍ ስለነበር ከጥቂት ባለጸጎች ሳሎን አልዘለቀም። ሩምባን ርካሽ ያደረገው የአሠራሩ ሐሳብ ነው። ከኩባንያው ሦስት መሥራቾች አንዱ የሆኑት የኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲው ሮድኒ ብሩክስ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 «ዝሆኖች ቼዝ አይጫወቱም» የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ አሳትመው ነበር። ፍሬ ነገሩ፣ ሮቦት መላውን ዓለም በአእምሮው ስሎ እስኪጨርስ ከሚጠበቅ ይልቅ የሚነካውንና የሚያጋጥመውን ነገር እየተከተለ ወዲያው ቢንቀሳቀስ ይሻለዋል የሚል ነው። የመጀመሪያው ሩምባም ካርታ የሚባል ነገር አያውቅም። እየሰፋ የሚሄድ ክብ ይሠራል፣ ግድግዳ ሲገጨው ይዞራል፣ ትንሽ ግድግዳውን ታክኮ ይሄድና እንደመጣለት ሌላ አቅጣጫ ይይዛል። ለሚያየው ሰው የሰከረ ይመስላል። ጊዜ ከተሰጠው ግን አብዛኛውን ወለል ይደርሰዋል፤ አንዱን ጥግ አራቴ ጠርጎ ሌላውን ቢረሳም።

ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ደህና ሮቦቶች እንደዚያ አይንከራተቱም። ኒቶ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ሞዴል አናቱ ላይ የሚሽከረከር ሌዘር ነበረው። ሌዘሩ ዙሪያውን እየቃኘ የግድግዳና የዕቃ ርቀት ይለካል፤ ሮቦቱም ከዚያ የቤቱን ካርታ ይሠራና ገበሬ እርሻውን እንደሚያርስ ትልም በትልም ይሄዳል። ከ2016 ጀምሮ የቻይናዎቹ ሻኦሚና ሮቦሮክ ይህንኑ ሌዘር ብዙ ሰው በሚችለው ዋጋ ሲያቀርቡ የገበያው ሚዛን ወደ ቻይና አዘነበለ። አይሮቦት ለረጅም ጊዜ ካሜራን መርጦ ሌዘሩን ሲሸሽ ቆየ። ብልኅነት አልነበረም። አማዞን በ2022 በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ተስማምቶ፣ የአውሮፓ ኅብረት ተቆጣጣሪዎች ስለተቃወሙ በጃንዋሪ 2024 ስምምነቱ ፈረሰ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ የሚረከበውም ሮቦቶቹን ሲያመርትለት የነበረው የቻይና ፋብሪካ ሆነ።

ይህ ሁሉ ለገዢው ምኑ ነው? መልሱ በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ግን ማሽኑ ራሱ ምን ያህል እንደሚችል ማወቅ ይበጃል።

የአውሮፓ ኅብረት ከሴፕቴምበር 2017 ጀምሮ ከ900 ዋት በላይ የሚወስድ የቤት ቫኪዩም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ስለዚህ 900 ዋት ሶኬት ላይ የሚሰካ የትልቅ ቫኪዩም ጣሪያ ነው እንበል። ሮቦቱ የሚሠራው በባትሪ ነው፤ 14.4 ቮልት፣ 5.2 አምፔር ሰዓት የሆነ ትልቅ የሚባል ባትሪ 75 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ሁለት ሰዓት ይሥራ ከተባለ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው 37 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ጎማ የሚያሽከረክረው፣ ብሩሽ የሚያዞረው፣ ሌዘርና ኮምፒውተር የሚያሠራው ተቀናሽ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የፓስካል ቁጥር፣ 5,000 ይሁን 20,000፣ ይህን ሒሳብ አይለውጠውም። ፓስካል የመሳብ ግፊትን ይናገራል እንጂ ምን ያህል አየር እንደሚያልፍ አይናገርም።

ታዲያ ደካማ ከሆነ ምን ይሠራል? ይደጋግማል። ጥቅሙ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ገዢ የሚያዝነውም ይህን ሳይረዳ ስለሚገዛ ነው። ሮቦት ቫኪዩም የቆሸሸ ቤት የሚያጸዳ ማሽን አይደለም፤ የጸዳ ቤት ቶሎ እንዳይቆሽሽ የሚያደርግ ማሽን ነው። ሰው በሳምንት አንዴ በኃይል የሚጠርገውን እሱ በየቀኑ በጥቂቱ ይለቅመዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አልጋ ሥር ይገባል። ቁመቱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ መጥረጊያ ጎንበስ ብሎም የማይደርስበት፣ አቧራው ለወራት የሚተኛበት ቦታ ለእሱ ክፍት ሜዳ ነው። አለርጂ ወይም የወገብ ሕመም ላለበት ሰው ይህ ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ጠላቶቹ ደግሞ ብዙ ናቸው። ገመድ ይበላል፤ የስልክ ቻርጀር ብሩሹ ላይ ተጠምጥሞ ይቆማል። ካልሲ ይውጣል። ረጅም ጸጉር ብሩሹ ላይ ስለሚጠቀለል በየጊዜው በመቀስ መቁረጥ ያስፈልጋል። ሆዱ በግማሽ ሊትር ገደማ ይሞላል። ከደረጃ እንዳይወድቅ ከሥሩ የተገጠሙት ሴንሰሮች ብርሃን ልከው ሲመለስ ወለል መኖሩን ያውቃሉ፤ ጥቁር ምንጣፍ ብርሃኑን ስለሚውጠው አንዳንዱ ሮቦት ገደል አፋፍ የደረሰ መስሎት ጥቁሩን አልረግጥም ይላል። ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደፍ ደግሞ ለአብዛኞቹ ግንብ ነው። የውሻ ነገር ለብቻው ተረት ወጥቶለታል። ሮቦቱ ሌሊት የውሻ ዓይነ ምድር ላይ ወጥቶ ቤቱን ሙሉ የቀባበት ታሪክ በየአገሩ ስለበዛ አይሮቦት በ2021 አንድ ሞዴሉን ሲያወጣ፣ ደረቅ የቤት እንስሳ እዳሪ መሸሽ ካቃተው ሮቦቱን በሌላ እንደሚተካ በይፋ ቃል እስከ መግባት ደርሷል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ቤት እንግባ። ሴራሚክ ወለል ያለው፣ ሰፊ ሳሎን ያለው አፓርታማ ለሮቦት ከብዙ የአሜሪካ ቤት ይልቅ ይመቻል፤ ወፍራም ምንጣፍ የለማ። ከመንገድ የሚገባው አቧራም የማያቋርጥ ስለሆነ በየቀኑ የሚለቅም ማሽን ሥራ አያጣም። ችግሩ የሚጀምረው ቡና ሲፈላ ነው። የተጎዘጎዘ ቄጤማ ብሩሹን ጠፍሮ ያስቆመዋል። ፈንድሻውን የጎኑ ብሩሽ ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል እንጂ ሁሉንም አይውጠውም። ከሁሉም በላይ ከከሰሉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሮቦቶቹ መመሪያ የጋለም ሆነ የሚጤስ ነገር እንዳይስቡ ይከለክላል፤ ምክንያቱም አመድ ውስጥ የቀረች ፍም ደረቅ አቧራና ወረቀት ማጣሪያ ያለበት ሳጥን ውስጥ ከገባች እሳት ልታስነሳ ትችላለች። የበረደ አመድም ቢሆን ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍነዋል። ስለዚህ ረከቦቱ ከመነሳቱ በፊት ሮቦቱን ማስነሳት አይገባም፤ ቄጤማውም በእጅ ተጠርጎ ማለቅ አለበት።

የሚወለውሉትስ? አዳዲሶቹ ሮቦቶች ከሥራቸው እርጥብ ጨርቅ አላቸው፤ ውዶቹ ወደ ማረፊያቸው ተመልሰው ጨርቁን በሙቅ ውሃ ያጥባሉ። ቀለል ያለ አቧራና የእግር ዱካ ያስለቅቃሉ። የፈሰሰ ወጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በርበሬና ዘይት ያለበት ነጠብጣብ ላይ ከወጣ ሮቦቱ እየጎተተ ኮሪደሩን ሁሉ ይቀባዋል። ወጥ ቤቱን ካርታው ላይ አጥሮ «አትግባ» ማለት ይሻላል፤ መከለል የሚያስችሉት ግን ካርታ ያላቸው ብቻ ናቸው።

ሌላው እውነት ከሠራተኛ ጋር ያለው ንጽጽር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ «ሮቦት ልግዛ ወይስ ሠራተኛ ልቅጠር» ብሎ የሚያሰላ ሰው ሒሳቡ ገና ከመነሻው የተሳሳተ ነው። የቤት ሠራተኛ ትጠርጋለች፣ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ልጅ ትይዛለች። ሮቦቱ ከእነዚህ የአንዱን ግማሽ ነው የሚሠራው። እሱ ራሱ እንኳ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ሆዱን የሚያራግፍ፣ ብሩሹን የሚፈታ፣ ወንበሩን አንስቶ መንገድ የሚጠርግለት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ትልልቅ ቤቶች ውስጥ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ከሮቦት ጋር ሲሠሩ የሚያዩት ይህንኑ ነው፤ በረሃው የሚነፋው ደቃቅ አሸዋ ማጣሪያውን ይደፍናል፣ የሚያጥቡት እነሱ ናቸው።

ከዲሲ ወይም ከዳላስ በሻንጣ ይዞ ለሚመጣ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚታየው ቮልቱ ነው። የሮቦቱ ተራ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ከሥሩ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ ይገኛል። አቧራውን ከሮቦቱ ሆድ የሚስበው ትልቁ ማረፊያ ግን ራሱ ኃይለኛ ሞተር አለው፤ ለአሜሪካ የተሠራው በአብዛኛው ለ120 ቮልት ብቻ ነው። በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። በትራንስፎርመር ማሠራት ይቻላል፤ ግን ሳሎን ውስጥ ሌላ ብረት ሳጥን ማስቀመጥ ማለት ነው። አውሮፓ ወይም እስራኤል የተገዛው ይህ ችግር የለበትም። ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ሞዴል ደግሞ ርካሽ ቢሆንም አፑ ከቻይና ሰርቨር ውጭ አልሠራም ሊል፣ ንግግሩም ቻይንኛ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አፑ የሚነካው ሌላም ጉዳይ አለ። ካሜራ ያለው ሮቦት የቤት ውስጥ ዓይን ነው። ኤም.አይ.ቲ. ቴክኖሎጂ ሪቪው የተባለው መጽሔት በዲሴምበር 2022 እንዳወጣው፣ ለሙከራ የተሰጡ የአይሮቦት ሮቦቶች ያነሷቸው ሥዕሎች፣ መጸዳጃ ቤት የተቀመጠች ሴት ጭምር፣ ቬኔዙዌላ ላሉ የሥዕል መለያ ሠራተኞች ተልከው በኢንተርኔት ተለቅቀው ተገኙ። ሮቦቶቹ ገበያ ላይ የዋሉ አልነበሩም፤ ተሞካሪዎቹም ፈርመው ነበር። በ2024 ግን የተሸጡ የኢኮቫክስ ኩባንያ ሮቦቶች በአሜሪካ የተለያዩ ከተሞች ተጠልፈው በድምፅ ማጉያቸው ባለቤቶቻቸውን የዘር ስድብ ሲሰድቡ ተሰምተዋል። ሌዘር ብቻ ያለው ካሜራ አልባ ሮቦት ቢያንስ ሥዕል አያነሳም።

የኩባንያ ውድቀት የሚነካውም ከዚሁ ጋር ነው። ኒቶ በ2023 ተዘጋ፤ በ2025 ሰርቨሩ ሲጠፋ ሮቦቶቹ በአፕ መታዘዝ አቆሙ፤ ቁልፉን በእጅ ሲጫኑት ብቻ የሚነሱ ሆኑ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወይም መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ለሚያውቅ ሰው፣ ያለ ኢንተርኔት በራሱ ቁልፍ የሚሠራ መሆኑን ከመግዛቱ በፊት ማረጋገጥ አስፈላጊ ነው። መለዋወጫም እንዲሁ፤ ማጣሪያው በጥቂት ወራት፣ ባትሪው በጥቂት ዓመታት ይቀየራል። አዲስ አበባ ላይ ለሚገዛ ሰው ሻጩን «ማጣሪያና ብሩሽ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ከፓስካሉ ቁጥር በላይ ይጠቅመዋል።

መለኪያው ወለሉ ነው። ከሶፋና ከአልጋ ሥር ያለው ክፍተት 10 ሴንቲ ሜትር ካልደረሰ፣ በክፍሎቹ መካከል ደፍ ካለ፣ ወለሉ ላይ የልጆች ልብስና ገመድ የማይጠፋ ከሆነ፣ ጥሩ ቫኪዩም ወይም ጥሩ መጥረጊያ ይሻላል። ወለሉ ለጥ ያለና ገላጣ፣ የቤቱ ሰውም ቀኑን ሙሉ ከቤት ውጭ ከሆነ ግን ሮቦቱ የሚያዋጣበት ቤት ይኸው ነው። ያኔ ጨርቅ የሚያጥበው ውድ ሞዴል አያስፈልግም። ሌዘር ያለው፣ ካርታ የሚሠራ፣ ትልቁ ማረፊያ የሌለው መካከለኛ ሮቦት ሥራውን ይሠራል፤ ሆዱን በየሁለት ቀኑ ማራገፍ ብቻ ይቀራል፣ ይህም አንድ ደቂቃ አይፈጅም።