የጐንደርን ግንብ ያቆመው ኖራ ብቻ አይደለም

አንባቢ ሆይ፤ ጐንደርን ለማየት የሚነሡ እንደሆነ አንድ ነገር እንለምንዎታለን፤ ከተማይቱን በግማሽ ቀን አይቼ ልመለስ አይበሉ። ብዙ ጐብኚ ወደ ፋሲል ግቢ ገብቶ ፎቶግራፍ ይነሣና መንገዱን ይቀጥላል። ይህ ሰው ድንጋዩን አየ እንጂ ጐንደርን አላየም።

እርግጥ ነው፣ ጉብኝቱ የሚጀመረው ከግቢው ነው። ከዐፄ ፋሲል በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተዘዋወሩ በድንኳን ይኖሩ ነበር። ፋሲል ግን በ1628 ዓ.ም. ጐንደርን ቆርቁረው ግንባቸውን አሠሩ። ተከታዮቻቸውም በዚያው አጠገብ እየጨመሩ ሄዱ፤ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ የዳዊት የዘፈን አዳራሽ፣ የበካፋ የግብር አዳራሽ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ሁሉም 900 ሜትር ያህል በሚረዝመው ቅጥር ውስጥ ይገኛሉ። በ1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ወደ ግድግዳው ቀረብ ብለው መያዣውን ይመልከቱ። የጥንቶቹ ግንበኞች ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነው። ኖራ እርጥበትን አስገብቶ መልሶ ያስወጣል። በጣልያን ወረራ ዘመን የተደረገው ጥገና ግን በሲሚንቶና በብረት ስለ ነበረ ለአሮጌው ድንጋይ አልተስማማውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በተደረገው እድሳት ባለሙያዎች ወደ ኖራው ተመለሱ። ቅርስን ለመጠበቅ መልካም ፈቃድ ብቻ እንደማይበቃ፣ የቀድሞውን ሰው ሙያ ማወቅም እንደሚያስፈልግ ከዚህ እንማራለን።

ከግቢው ወጥተው ወደ ቁስቋም ይሂዱ። እቴጌ ምንትዋብ በዚያ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጐንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ይህም ስፍራ ጠፋ። ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስቀድስበት ምእመን ስለ ነበረው በኋላ እንደገና ተሠራ። ቤተ መንግሥቱ ግን ባለቤት አጥቶ ፍራሽ እንደ ሆነ ቀረ። ከዚያው ቃጠሎ የተረፈችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት፤ ጐንደሬዎች ንብ ወጥቶ ጠላትን እንዳባረረላት ይተርካሉ። ወደ ውስጥ ሲገቡ ጫማዎን አውልቀው ቀና ይበሉ፤ ከጣሪያው ላይ ተደርድረው የተሳሉት መላእክት ቁልቁል ይመለከቱዎታል።

የፋሲልን መዋኛ ደግሞ በጥር ወር ቢያዩት ይመረጣል። ገንዳው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ የታላላቅ ዛፎች ሥር በአጥሩ ድንጋይ ላይ ተጠምጥሞ ይታያል። ጥምቀት ሲቃረብ ግን ከቀሃ ወንዝ ውሃ ተስቦ ይሞላል። ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ በካህናት፣ በወጣቶችና በእልልታ ታጅበው ይወርዳሉ፤ ሕዝቡም በዚያው ያድራል። በማግሥቱ ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቶቹ ዘለው ይገቡበታል። በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጥምቀትን በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር መዘገበ፤ ጐንደሬ ግን ይህን ሳይጠብቅ ገንዳውን ሲሞላ የኖረ ነው።

ጊዜ ካለዎት በአቋቋም ትምህርቱ ወደ ታወቀው ወደ በዓታ ይዝለቁ። ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው የሚወርቡት መዘምራን ለጐብኚ ብለው አይደለም የሚያዜሙት፤ ከመምህር ወደ ተማሪ የወረደውን ሥርዓት ይፈጽማሉ እንጂ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከቁስቋም እስከ መዋኛው ያየነው ነገር አንድ ነው፤ ሰው የተገለገለበት ይታደሳል፣ የተተወ ይፈርሳል። ስለዚህ ወደ ጐንደር ሲሄዱ በእንግድነት አይቶ ከመመለስ ይልቅ ከባለቤቶቹ ጋር ይዋሉ፤ ካህኑን ይጠይቁ፣ ሽማግሌውን ያነጋግሩ፣ የአገሩን ጠላ ይቅመሱ። ልጆችዎንም ይውሰዱ፤ ነገ ግንቡን የሚጠብቁት እነርሱ ናቸውና።